ሰው ያነጣው መሬት

ማነው ያነጣው? ዛሚራ በጀርባዋ ተጋድማ ጣራ ጣራውን እያየች ይህችኑ ጥያቄ ከጧት ጀምሮ ታመነዥካታለች፤ ማነው፣ በማን ፈቃድ፣ ማን ልኮት። ቀትር ነው። መንደሩ መስኮቱን ጠርቅሞ ተኝቷል፤ በደሴቲቱ በሐምሌ ቀትር የማይተኛ ሌባ ወይ እብድ ነው ይባላል፣ እሷ ደግሞ ሌባ አይደለችም፣ እንግዲህ የቀረውን ራሳችሁ ገምቱ። ውጭ የዛፍ ፌንጣዎቹ ጆሮ እስኪበጥሱ ይንጫጫሉ፣ ሙቀቱ በበሩ ሥር እንደ ድመት ሾልኮ ይገባል፣ አንሶላው ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል። ደግሞ ያ ጀርባዋ። ከሚያዝያ ጀምሮ በጉልበቷ እየዳኸች አርባ ዛፍ ሥር ሥሩን ስትጠርግ የከረመች፣ አረም ነቅላ፣ ጠጠር ለቅማ፣ መሬቱን በመዳፏ ዳብሳ እንደ ልጅ ግንባር ያለሰለሰች፤ ለማን? ለሰው። የዛሬው ጧት ተመልሶ መጣባት፤ አሁን እኮ ገና ጎህ ነው፣ አሁን እኮ ዳገቱን እየወጣች ነው፣ ፀሐይዋ ከባሕሩ ማዶ ከቱርኮች ተራራ ጀርባ ብቅ ስትል፣ መጥረጊያዋን ታቅፋ፣ ዛሬ ነጩን አፈር እነዛለሁ፣ በሳምንቱ መብጣት እጀምራለሁ እያለች በልቧ ታሰላለች፣ ከመጀመሪያው እርከን ስትደርስ እግሯ ተተከለ። አርባውም ዛፍ ነጥቷል። ከእያንዳንዱ ጎባጣ ግንድ ሥር ነጩ አፈር ክብ ሆኖ ተነዝቷል፣ ለምሳ የተዘረጋ ጨርቅ ይመስላል። ከእርከኑ ጥግ ወዳለችው የዕቃ ጎጆዋ ሮጠች፤ የእሷ የአፈር ጆንያዎች አፋቸው እንደ ታሰረ ቆመዋል፣ አንዱም አልተነካ። የሰው አፈር ነው። ሰው አፈሩን ከቤቱ ተሸክሞ መጥቶ እሷ በጠረገችው መሬት ላይ ነዝቷል።

ይሄ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ አገር ሕፃን ያውቀዋል። የማስቲካ ዛፍ፣ ያ እውነተኛው ማስቲካ ማለቴ ነው፣ ቅርፊቱ በትንሽ ብረት ሲበጣ እንባውን ያወርዳል፤ እንባው የሚወድቀው በነጩ አፈር ላይ ነው፣ እዚያው ደርቆ ይለቀማል። እና ያነጣ ይለቅማል። ወረቀት የለው፣ ዳኛ የለው፣ ያነጣ ይለቅማል፣ አበቃ። ስለዚህ ዛሚራ ዘንድሮ አትለቅምም ማለት ነው። ካልለቀመች ደግሞ ይህች ክፍል የእሷ አይደለችም፣ ክፍሏ ከባለ ዛፏ ቤት የተሰጠቻት ከዛፎቹ ጋር ነውና፤ ይህች አልጋ፣ ይህች ባለ ጥቁርና ነጭ ጌጥ ግድግዳ፣ በረንዳው ላይ እንደ መቁጠሪያ በክር የተንጠለጠለው ቲማቲም፣ ሁሉም ይቀራል። ወዴት ትሄዳለች? ከአልባኒያ ስትወጣ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ አሁን ሃምሳ ስምንት ሞልቷታል፤ የአባቷን ቤት ወንድሟ ሸጦታል፤ እህቷ ድራኔ ከሦስት ልጅ ጋር በሁለት ክፍል ትኖራለች። በዚህ ዕድሜ ጓዝ አንጠልጥሎ እንደ አዲስ ሠራተኛ በየበሩ መቆም፣ አይ፣ ያ ሞት ነው።

እማማ አርጊሮ ብትኖር፣ አለች፣ ብትኖር ማለቷ እዚህ መንደር ብትኖር ማለቷ ነው፣ እንዲህ አይደፍሩም ነበር። አርጊሮ የዛፎቹ ባለቤት ናት። ዛሚራ ያኔ ከመርከብ ወርዳ፣ ቋንቋ ሳታውቅ፣ በዚህ በር ስትቆም፣ አሮጊቷ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ጉልበትሽን አሳዪኝ አለቻት በምልክት። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ አሳየቻት። ደህና ጉልበት ነው፣ ይዳኻል፣ ግቢ። ከዚያ ሃያ አንድ ዓመት በእኩል ሠሩት፣ ግማሹ እንባ የአርጊሮ፣ ግማሹ የእሷ። ክረምት ክረምት ከምድጃው ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው እንባውን ከአፈሩ በቢላ ጫፍ ሲያጸዱ አሮጊቷ ትሳደባለች፤ አንቺ የተራራ ፍየል፣ ማስቲካ ነው የምታጸጂው ወይስ ድንች ነው የምትልጪው? ዛሚራም ትመልሳለች፣ መልሳ መሳደብ የተማረችው ከእሷው ነው። አሁን በጥር አሮጊቷ ዳሌዋን ተሰበረች፣ ልጇ ፓንዴሊስ መጣና ወደ አቴና ወሰዳት። ጥሩ ጫማ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። መኪናው ውስጥ ሆኖ ዛሚራ ስለ ዛፎቹ ስትጠይቀው «እናያለን» አላት። እናያለን። ይህችን ቃል ስድስት ወር ሙሉ ገልብጣ አይታታለች፤ ማን ነው የሚያየው? ምኑን? ያየ ሰው ይኸው አፈር ልኮ የለም ወይ?

ደግሞ ወረቀቱ። የማስቲካ አምራቾቹ ማኅበር በየዓመቱ የሚያስሞላው ወረቀት አለ፣ እንባውን ስታስረክብ። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል ለባለ ዛፏ ምኗ ነሽ ትላታለች። ልጅ የሚል ሳጥን አለ፣ የትዳር ጓደኛ የሚል አለ፣ ቅጥር ሠራተኛ የሚል አለ። ቅጥር አይደለሁም፣ እኩል ነን ትላለች ዛሚራ። ጸሐፊዋ ትንሽ ታስብና የመጨረሻው ሳጥን ላይ ምልክት ታደርጋለች፣ ሌላ የሚለው ላይ። ሃያ አንድ ዓመት ሌላ። ሌላ የተባለን ሰው ከመሬቱ ማስነሣት ምን ይከብዳል? ትናንትናም ሰኞ ይኸው በመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቷ ጉዳይ ከተማ ውላ ነበር፤ ቁጥር ያለባት ብጣሽ ይዛ ስድስት ሰዓት ተቀምጣ፣ ቁጥሯ ሲደርስ መስኮቱ ተዘግቶ፣ በመጨረሻው አውቶቡስ ተመልሳ። አሃ፣ እሷ እንደምትሄድ ማን ያውቅ ነበር? ሲደሪስ ያውቅ ነበር። አውቶቡስ ስትጠብቅ በአህያው አልፎ ምሽት ነው የምትመለሺው ብሎ ጠይቋታል። ለምን ይጠይቃል? ሲደሪስ ጎረቤቷ ነው፣ ዛፎቹ ከእሷ ዛፎች በአንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ይለያሉ። ሃያ አንድ ዓመት መቼ ትሄጃለሽ፣ መቼ ትመጫለሽ ብሎ አያውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አሁን ሁሉም ነገር እየተገጣጠመላት ሄደ፤ ነገር አንዴ ከተጠረጠረ ማን ያቆመዋል። ከዓርብ ዕለት ጀምሮ ነው ሰዉ የተለወጠ። አሮጊቶቹ በድንጋዩ መቀመጫ ላይ ተደርድረው ሲያወሩ እሷ ስታልፍ ጸጥ። ዳቦ ጋጋሪው፣ ያ ለፍላፊ፣ ዳቦዋን አቀብሎ አንገቱን ሰበረ። አፍሮ ነው፣ አውቋል ማለት ነው። ከዚያ የማርኬላ ድስት፤ ማርኬላ የሲደሪስ ሚስት ናት፣ ሰኞ ጧት የዓሣ ሾርባ በድስት አምጥታ፣ ሳታንኳኳ፣ ደፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ማርኬላ የሰጠችውን ነገር አርባ ጊዜ የምታወራ ሴት፣ ሳታንኳኳ? ይሄ ሾርባ አይደለም፣ ይሄ አፍ ማስያዣ ነው፤ ዛሚራም በማንኪያ ሳትነካው ለመንደሩ ድመቶች ገለበጠችላቸው። እሑድስ? እሑድ እሑድ ለአርጊሮ ትደውላለች፣ አንድም ቀን ሳታሳልፍ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። ለፓንዴሊስ ደወለች፣ ዘጋባት፣ ቆይቶ መልእክት ላከ፤ አሁን አልችልም የሚል። እናቱን ስልክ ከልክሏታል ማለት ነው፣ አሮጊቷ ሰምታ እንዳትጮህበት። አርጊሮ ብትሰማ አቴና ሆና ትጮህ ነበር፣ ድምጿ ባሕር ይሻገራል።

ወይስ አርጊሮም አለችበት? ዛሚራ ከአልጋው ቀና አለች። ይህችን ሐሳብ እስካሁን ከደጅ አቁማት ነበር። በሰኔ መጀመሪያ ስትደውልላት አሮጊቷ ድምጿ ሰልሎ፣ አንቺ ፍየል፣ ደክሞሻል፣ ዘንድሮ ሰው ያግዝሽ፣ ብቻሽን አትዳሂ ብላታለች። ያኔ ፍቅር መሰላት። አሁን ደግሞ ሌላ መሰላት። ሰው ያግዝሽ ማለት ሰው ይተካሽ ማለት ቢሆንስ? እንዲህ ነው ጥርጣሬ፣ ልጆች፣ ከውጭ ጀምሮ ይበላና መጨረሻ ላይ ከመሶቡ ይደርሳል።

የደከመው ጭንቅላቷ ደግሞ ወደማትፈልገው ቦታ ወሰዳት። ነሐሴ ነው፣ ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከሦስተኛው እርከን ላይ ተንበርክካ እየለቀመች ነው፣ ስልኩ በኪሷ ይንዘፈዘፋል። ድራኔ ናት። እናታችን ትጠራሻለች፣ ነይ። እንባውን ጨርሼ፣ አለቻት፣ ዝናብ ከመታው አፈር ይሆናል፣ አሥር ቀን ስጪኝ። ድራኔ አሥር ቀን ሰጠቻት፣ እናቷ ግን አራት ብቻ። በአምስተኛው ቀን ድራኔ ደውላ ምንም አላለችም፣ ዝም ብላ ተነፈሰች፤ ዛሚራም ዝም ብላ ተነፈሰች፣ ስልኩን ዘጋች፣ መልቀሟን ቀጠለች። ለማንም አልተናገረችም። ለማን ትናገር? ያን ለት ደግሞ ቱሪስቶች መጥተው ነበር፣ አስጎብኚዋ ይኸው እውነተኛዋ የደሴታችን እናት እያለች ታሳያቸዋለች፣ ጥቁር ሻሿን፣ ጉልበቷን፣ ወንፊቷን ፎቶ ያነሳሉ፤ አንዷ ልጅ እግር ፈገግ በይልኝ አለቻት በእጇ። ፈገግ አለች። ያ ፎቶ የሆነ አገር የሆነ ግድግዳ ላይ ይኖራል፤ እናቷ በሞተች ቀን እንባ እየለቀመች የምትስቅ ሴት። እንግዲህ ለዛፉ እናቷን ሰጥታ ነው የለቀመች። እናቷን የሰጠችበትን መሬት አሁን ሲደሪስ በአንድ ጆንያ አፈር ሊወስደው።

ተነሣች። ሻሿን አሰረች፣ ጫማዋን ግን ረሳችው። የድንጋዩ መንገድ እግር ይጠብሳል፤ አልተሰማትም። በጠባቡ መተላለፊያ፣ በተዘጉት መስኮቶች መካከል እየሄደች የምትለውን በልቧ ደረደረችው፣ እግዜር ይይላችሁ፣ እንግዳ ሴት ናት ብላችሁ ነው፣ ማን ይጮህላታል ብላችሁ ነው። በቀትር የሰው በር ማንኳኳት በዚያ አገር ትልቅ ነውር ነው፣ ቄስ እንኳ አያንኳኳም። ሦስት ጊዜ በጡጫ መታችው።

ሲደሪስ በካናቴራ፣ ጉንጩ ላይ የትራሱ ስፌት ታትሞበት ወጣ።

«አንተ ነህ ዛፎቼን ያነጣህ?» አለችው። ሃያ አንድ ዓመት አያ ሲደሪስ፣ አንቱ፣ ስትለው የኖረች ሴት።

«እኔ ብቻ አይደለሁም» አለ ዓይኑን እያሻሸ። «አሥራ አንድ ሆነን ነው። ምነው፣ ሳሳ እንዴ? ማርኬላ ሳስቷል ስትል ነበር።»

«በራሳችሁ አፈር።»

«እና በማን አፈር ሊሆን ኖሯል? በአንቺ አፈርማ ነውር አይደለም?»

ነውርን አንተ ታውቀዋለህ ወይ ብላ ጀመረች፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት። ከፓንዴሊስ ጋር የተዋዋላችሁ መቼ ነው፣ ከተማ እስክሄድ እንደ ቀበሮ አድፍጣችሁ፣ የጠረግሁት በጉልበቴ ነው፣ በሉት፣ ጉልበቴንም ቆርጣችሁ ውሰዱት አለች፤ ሲናደዱ የሚመጣው ቋንቋ የእናት ነውና ግማሹን በአልባኒያኛ አለችው። ሰውየው ገባውም አልገባውም፣ እጁን አጣምሮ እንደ ተቆጡት ልጅ ቆሞ ይሰማል።  ከበስተኋላው ማርኬላ ፀጉሯን እየጠቀለለች ብቅ አለች።

«ተዋት ሲደሪ። ሐዘን ነው የሚያናግራት።»

«የምን ሐዘን?» አለች ዛሚራ።

ማርኬላ ባሏን አየች። ባሏ የዛሚራን ባዶ እግር አየ። 

«ፓንዴሊስ አልደወለልሽም?» አላት ሲደሪስ።

ያኔ ገባት። ከአፉ ሳይወጣ ገባት፤ አርጊሮ ናት። ሐሙስ ነው፣ አሏት ቀስ ብለው፣ ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ተኝታ፣ ሳታውቀው። አቴና ቀበሯት። ዓርብ ደወሉ ተደውሎላታል። ደወሉንማ ሰምቼዋለሁ አለች ዛሚራ፤ ያ ታች ሰፈር አልጋ ላይ የከረመው ሽማግሌ መስሏት፣ ነፍስ ይማር ብላ መጥረጓን ቀጥላ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጸሎት ተደርጓል፣ ዛሚራ አልመጣችም፣ በእርግጥ የቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለችም፣ ግን ለእማማ አርጊሮ እንኳ አትመጣም ወይ ተባለ።

«እኛማ ስናማሽ ነው የሰነበትነው» አለች ማርኬላ እያለቀሰች። «ዓይኗ ደረቅ ነው፣ ድንጋይ ናት፣ በሐዘኗ ማግስት ከተማ ለከተማ ትዞራለች እያልን።»

እኔም ካሙት አንዷ ነኝ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። እሷ እኛን ስትጠረጥር እኛ እሷን ስንጠረጥር አምስት ቀን አለፈ።

«አሥራ አንድ ሰው ነበራችሁ እኮ» አለች ዛሚራ። «አንዳችሁ እንኳ በሬን አንኳኩታችሁ አትነግሩኝም?»

ሲደሪስ ግንባሩን ያዘ። «የሞተበትን ቤት ጎረቤት ሄዶ አይነግረውም፣ ዛሚራ። ቤቱ ነው ለጎረቤት የሚነግረው። ፓንዴሊስ ደውሎ ለሁሉም ንገርልኝ ሲለኝ፣ ለሁሉም ነገርኩ። አንቺ የቤቱ ሰው ነሽ፣ ላንቺማ ከእኔ በፊት ደውሏል ብዬ።»

ልጁ ከጎረቤት ቆጥሯት፣ ጎረቤት ከቤት ቆጥሯት፣ በመካከል ወደቀች። ነገሩ ይኸው ነው። የነጣው መሬትም እንደዚያው። በዚያ መንደር ከማስቲካው ወራት በፊት ሞት የገባበት ቤት ነጭ አፈር አይነካም፤ ጎረቤት ከየቤቱ የራሱን አፈር ተሸክሞ፣ የሐዘንተኛው ዓይን ሳያይ ያነጣለታል። እንዲያ የነጣን ዛፍ ደግሞ በዚያ ዓመት ከቤቱ ሰው በቀር ማንም አይበጣውም፣ ማንም አይለቅመውም። ዛሚራ ይህን አታውቅም ማለት አይደለም። የሲደሪስ ወንድም ባሕር በበላው ጊዜ እሷም ሁለት ጆንያ ተሸክማ ካቡን ተሻግራ ነዝታለታለች። አውቃው ኖሮ ዛሬ ለምን ትዝ አላላትም? ትዝ እንዲል ሰው ራሱን ከቤቱ መቁጠር አለበት። እሷ ራሷን ሌላ ላይ ነበር የቆጠረችው።

ደፉ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፣ ገና ነው፣ ልቧ አሁንም ወጥመዱን እየፈለገ ነበር፣ የለመደ ልብ ቶሎ አይተውም። ማርኬላ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘችና ለሐዘንተኛ የሚባለውን አለቻት፦ «ዕድሜ ላንቺ ይስጥሽ።» ዛሚራ ፊቷን አየች፣ ምን ትፈልጋለች ብላ። ምንም አትፈልግም። ከዚያ ማርኬላ አፍንጫዋን ጠርጋ ሾርባውንስ በላሽው ወይ አለቻት።

«ለድመቶቹ ሰጠኋቸው።»

«ለዚህ ነው ሁለት ቀን ደጄን የረሱት» አለች ማርኬላ። ዛሚራ ሳቀች፣ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ፣ የተሰበረው አልጠገን አለ፣ ማርኬላ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አድርጋ ያዘቻት። ለማን እንደምታለቅስ ማርኬላ አልጠየቀቻትም፤ ዛሚራም ብትጠየቅ ለአንድ ሰው ብቻ ነው አትልም ነበር።

ሙቀቱ በረድ ሲል፣ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ሲከፈቱ፣ የአርጊሮን ቤት በር ወለል አድርገው ከፈቱት፣ ወንበር ከየቤቱ መጣ። ዛሚራን ከበሩ ፊት ለፊት፣ የቤቱ ሰው በሚቀመጥበት አስቀመጧት። ሰው እየገባ እጇን ይይዛል፣ ዕድሜ ላንቺ ይስጥሽ፤ እሷም ትመልሳለች፣ መጀመሪያ በጉሮሮዋ፣ ኋላ በድምጿ። ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር መጣ፤ አርጊሮ የዳቦውን ታች አንኳኩታ ሳትሰማ እንደማትገዛው አወራ፣ ሰው ሳቀ። ይህ ሲሆን የሲደሪስ ስልክ ጮኸ። ፓንዴሊስ ነው። ቤቱ ዝም ስላለ ድምጹ ለሁሉም ይሰማል፤ አያ ሲደሪስ፣ ዛፎቹ እንዳይቀሩ፣ ለዘንድሮ አንተ ያዝልኝ፣ ለዚያች ሴትዮ እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።

ዛሚራ ጣቶቿ ቀሚሷን ጨብጠው ሲደሪስን ታየዋለች። ይኸው፣ መጣ። አሁን ነው የሚታወቀው።

«አይሆንም» አለ ሲደሪስ። «በእናትህ ሐዘን ያነጣሁትን ዛፍ ብረት ከማሳርፍበት እጄ ይቆረጥ። የቤቱ ሰው አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ዛፉን እሷን ጠይቃት።» ብሎ ስልኩን ዘረጋላት።

ተቀበለችው። ቀኑን ሙሉ ለዚህ ሰው የደረደረችው ነበር፣ ስድስት ወር ያኘከችው ሁሉ። ከቶም አልመጣላትም።

«ፓንዴሊ» አለችው «ዕድሜ ላንተ ይስጥህ።»

 የነገሩሽ መስሎኝ ነበር አላት። ዛሬ ነገሩኝ አለችው። እንደ ተሰቀቀ ገባት፤ በአንድ ዓይኗ ጠረጠረችው፣ በሌላው አዘነችለት፣ እናት የሞተበት ሰው ነው።

«አርባዋ መቼ ይውላል?» አለችው።

ቆጠረና ነገራት። ዛፎቹ ተበጥተው የመጀመሪያው እንባ የሚለቀምበት ሰሞን ነው።

«እንግዲህ ስንዴው ይቀቀላል፣ ሰው ይጠራል። ስንት ሆናችሁ ትመጣላችሁ?»

«ሦስት» አለ። ድምጹን ዝቅ አድርጎ፦ «ማረፊያ ካለ።»

ዛሚራ በሰው የተሞላውን ቤት ዞር ብላ አየችው።

«አለ» አለችው።